ሁለተኛው ጉርሻ

አቶ ማሩ ማረሻቸውን በግራና ከተማ ገበያ አሠርተው ወደ መርሳ ሲመለሱ ሙቀቱ አዛላቸውና ወንዝ ዳር ካለው ዋርካ ሥር አረፍ አሉ። የውሃው ድምፅ እያባበለ በእንቅልፍ ወሰድ መለስ ያደርጋቸዋል። በዚያ ሰመመን ውስጥም ሐሳባቸው ልጃቸው ደምሴ ነበር። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ደምሴ የቀጥቃጩን የአለሙን ልጅ እንዲያጩለት ቢለምናቸው፣ «ቡዳ ቤት ሽማግሌ ሆኜ አልሄድም» ብለውት ከተኮራረፉ ሰንብተዋል። ልጁም አገሩን ጥሎ ሊሄድ ተነሥቷል።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ውሃ ልትቀዳ የወረደች አንዲት ኮረዳ ቅል ይዛ ጎንበስ ብላለች።

«ይጠጡ አባባ፣ ፀሐዩ ጎድቶዎታል።»

«ተባረኪ ልጄ።»

ጠጡና ስንቃቸውን ፈቱ። ወትሮ መንገድ ላይ ሲበሉ የሰው ዓይን እንዳይበላቸው ጋቢ የሚከናነቡት ሰውዬ፣ ያን ቀን እንቅልፉ አልለቀቃቸውም መሰለኝ፣ ረሱት። ሽሮ የተቀባውን እንጀራ ጠቅለል አድርገው አጎረሷት።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአለሙ። ወይንሸት እባላለሁ።»

እጃቸው ስንቁ ላይ ቀረ።

«ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«የደምሴ አባት መሆንዎን አውቃለሁ። ብነግርዎ ውሃውን ይጠጡልኝ ነበር?»

ሆዳቸውን ዳሰስ አደረጉ፤ ቁርጠቱን ቢጠብቁ ቢጠብቁ የውሃ ሽታ ሆነ።

«አባባ፣ ይህን ማረሻ ማን ሠራው?»

«አባትሽ ነዋ። ብረቱን እንደ ሊጥ ነው የሚያደርገው።»

«እንግዲህ አባቴ ዓይኑን ተክሎበት የዋለውን ብረት ማሳዎ ውስጥ ይከቱታል። ዓይናችን የሚበላ ቢሆን ጤፍዎ በበቀለ?»

«እሱስ… ብረት ምኑ ይበላል ብለሽ» አሉና ራሳቸውም ፈገግ አሉ። ወዲያው ኮስተር ብለው፣ «ይሁን እንጂ ልጄ፣ አጥንት አለ። አባቶቻችን ያቆዩት ነገር ነው» አሏት።

«ባላባቱም አጥንት ይቆጥር ነበር። ደምሴ እንደነገረኝ እርስዎ ጭሰኛ ሳሉ፣ በድግስ ቀን ከደጃፍ ነበር የሚበሉት።»

ያ ደጃፍ እንደ ሕልም መጣባቸው፤ ውሻው፣ ትራፊው፣ አንገት ደፍቶ መጉረሱ። መሬት ላራሹ ከሆነ ወዲህ ለልጃቸው አንድ ቀን ብቻ ነው ያወሩት። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፤ እሱ እልፍኝ ሲገባ ደጃፉን ለሌላ ያወርሳል።

«ያኔ ከትራፊው ይልቅ አስተያየታቸው ነበር የሚያመኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ የሚበላው እንዲያ ያለው ዓይን ኖሯል። እኔስ ብሆን፣ ከአባትሽ እጅ ብረት ስቀበል ፊቱን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።»

«ይህ አጥንት መቁጠር ቢቀር ማን ይጎዳል አባባ? ደምሴ አገሩ ይቀራል። የእኛ ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት አብሯቸው የሚቀመጥ ያገኛሉ። እርስዎም በዚህ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ከመብላት ይገላገላሉ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ልጅቷ ቅሏን አንሥታ ልትሄድ ስትል፣

«ቁጭ በይ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ከበፊቱ አተልቀው ጠቀለሉላት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሦስተኛውስ አባባ?» አለቻቸው እንደምንም ውጣ።

«ሦስተኛውን አባትሽ ያጉርሰኝ። እሑድ ሽማግሎች ይዤ እመጣለሁ በዪው።»