ከሦስቱ ድምፅ የትኛው የእሷ ነው?

አራት ፎቅ ሙሉ ካርቶን ተሸክሞ መውረድ ለሰባ ሁለት ዓመት ሰው ቀላል አይደለም። ጋሽ ሴኮንድ ግን እርዱኝ ማለት አይወዱም፤ ሚስታቸው ካረፈች ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር መነጋገሩንም ትተውታል። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ና የተባለ ደንበኛ አንድ ደቂቃ ካሳለፈ ሱቁ ተቆልፎ ያገኘው ነበር ይባላል። አሁን ሱቅም ደንበኛም የለም። ጎረቤቱ “እኚህ ሰውዬ በብቸኝነት ሊያልቁ ነው” እያለ ያማቸዋል፤ እሳቸው ግን አልሰሙም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የካርቶኑ ቂጥ ተቀደደና ውስጡ የነበሩት የዘፈን ሲዲዎች እየተንኳኩ በደረጃው ወረዱ። በዚያው ቅጽበት ከታች አንዲት ወጣት ትወጣ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ሆና የምትሠራ ናት። ከሰላምታ በቀር አውርተው አያውቁም።

“ይተዉ ጋሼ፣ እኔ እለቅመዋለሁ” አለችና ተንበረከከች። “ወዴት ሊወስዷቸው ነው?”

“ወደ ቆሻሻው።”

“ምነው፣ ምን አጠፉ?”

“ጊዜያቸው አለፈ። አሁን ከበይነ መረብ የሚወርድ፣ ከፍተኛ ጥራት የሚሉት ፋይል መጥቷል። ይኼን ዘፈን አውርጃለሁ” አሉ አንዱን ሲዲ በጥፍራቸው መታ መታ እያደረጉ። “የቀሩትንም አንድ በአንድ አወርዳለሁ።”

“ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብዎ እፈራለሁ።”

ጋሽ ሴኮንድ ተቆጡ። “ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሴኮንድ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሲዲ አንዷን ሴኮንድ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ቦታ ይከትፋታል። ፋይሉ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ ቦታ! በቁጥር ልትከራከሪኝ ነው?”

“በቁጥር አይደለም። በጆሮ እንከራከር።”

ሙግት የጠማው ሰው ግብዣው ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። “ነያ፣ ላይ ቤቴ ውጪና ስሚው!” አሉ። ከለቅሶው ወዲህ በቤታቸው በር የገባ ሰው ቢኖር ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነበር።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት አንድ ወንበር አለ፤ ሁለተኛው ወንበር ላይ ጋዜጣ ተከምሯል። ግድግዳው ላይ ሰባት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፣ ሰባቱም ቆመዋል። ጋሽ ሴኮንድ ምታቸው ዘፈኑን እንዳይረብሽባቸው ብለው መሙላት ትተዋል።

ልጅቷ ቆማ ነገሩን ጀመረች። “ሴኮንዷ በደቀቀች ቁጥር የሚያዘው ይበልጥ የቀጠነ ድምፅ ነው። ነገር ግን የሰው ጆሮ ጣሪያ አለው፤ ሲዲ ደግሞ ያንን ጣሪያ አልፎ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያለውን የሌሊት ወፍ ትስማው እንጂ እኔም አልሰማውም። እርስዎ ደግሞ፣ አይቀየሙኝና፣ በዚህ ዕድሜ ጣሪያዎ ዝቅ ብሏል።”

“እየሰደብሽኝ ነው?”

“ኧረ በፍጹም! አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው የሴኮንድ ሺኛ የሚቆጥር ሰዓት ይሸጡለት ነበር?”

ጋሽ ሴኮንድ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። “ልግዛ ካለ ማን ይከለክለዋል? አውቶቡሱ ግን ቶሎ አይመጣለትም።”

“አዩ!”

“ቆይ እንጂ። ዝምታውስ? ፋይሉ ውስጥ ዝምታው ራሱ የጠለቀ ነው ይላሉ።”

“የሲዲው ዝምታ እኮ ከማቀዝቀዣዎ ድምፅ በታች ነው። እኛ ስንቀዳና ስናቀናብር ትልቁ ቁጥር ይጠቅመናል፤ ስህተት ማረሚያ ቦታ ይሰጠናል። ለማዳመጥ ሲሆን ግን ልዩነቱን የለየልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።”

“እኔ ለይቻለሁ! ደጋግሜ አወዳድሬያለሁ!”

“ሲያወዳድሩ ማን ነበር የሚቀያይርልዎ?”

“እኔው ነኛ። ሌላ ማን አለ?”

ልጅቷ ጋዜጣ የተከመረበትን ሁለተኛውን ወንበር አየት አደረገች።

“ችግሩ እሱ ነው ጋሼ” አለች ቀስ ብላ። “የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሚሰማው የሚያውቀውን ነው። ይኼ ፈተና ብቻን አይሆንም፣ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። እስቲ ፊትዎን ያዙሩልኝ።”

አስቀድማ የሁለቱን ድምፅ ከፍታ በስልኳ ለካች። ፋይሉ ከሲዲው ጥቂት ይጮህ ነበርና እኩል አደረገቻቸው። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁሉ ለጆሮ የጠራ ይመስላል፤ በስብሰባም ላይ ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ከዚያ ሃያ ጊዜ ቀያየረች፤ ጋሽ ሴኮንድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሃያ ጊዜ ፈረዱ። ያገኙት አሥራ አንዱን ነው።

“ዝም ብሎ የገመተም ከዚህ አያንስ” አሉ ራሳቸው። ሙያቸው ልኬት ነበርና ልክን አይክዱም። ፊታቸው ግን ዳግመኛ መርዶ የሰማ ሰው ፊት ሆነ።

“ጋሼ፣ ፋይሉ ውስጥ ምን ነበር የሚፈልጉት?”

“ሚስቴን” አሉ። “እዚህ ዘፈን ላይ ከሦስቱ ተቀባዮች አንዷ እሷ ናት። ብቻዋን የዘፈነችው የለኝም። ከላይ የምትወጣዋን እሷ ናት ብዬ ይዣለሁ፤ ማታ ማታ እሷን ነው የምሰማው። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሴኮንዷ ይበልጥ ከተከተፈች ትለይልኛለች ብዬ ነበር።”

“በሕይወት ሳለች አልጠየቋትም?”

“ያኔማ ሥራ ላይ ነኛ! በሬዲዮ ሲመጣ ‘ይኸው እኔ!’ ትለኛለች፤ እኔ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ እንዳደረግሁ ‘እሺ፣ እሺ’ እላታለሁ።”

ልጅቷ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። “አንዴ የተቀላቀለን ድምፅ ፋይሉ በትልቅ ቁጥር ስለተጻፈ ብቻ አይለየውም። ፋይሉ የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው ግን ይኖራል። ዘፈኑ ሲቀዳ አጠገቧ ማን ቆሞ ነበር?”

“አንደኛዋ ሞታለች። ሌላዋ አለች። ከለቅሶው በኋላ ደውላ ደውላ፣ አላነሳ ስላት ተወችው።”

“ዛሬ እርስዎ ይደውሉላታ።”

“ምን ብዬ?”

“ዘፈን ላሰማሽ ብለው።”

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዳቸው ከዘራቸውን ይዘው አራቱን ፎቅ ወጡ። ልጅቷ ጋዜጣውን ከወንበሩ አነሳች። ሲዲው ተጫወተ። አዝማቹ ሲደርስ ጋሽ ሴኮንድ ጣታቸውን አነሱ።

“ይቺ ናት አይደል? ከላይ የወጣችው?”

“እሷማ እኔ ነኝ” አሉ እንግዳቸው። “የእሷ ከሥር ያለው ወፍራሙ ነው። ከሁላችን ቀድማ የምትገባው። አቀናባሪው ‘ምን ያስቸኩልሻል?’ እያለ ይቆጣት ነበር።”

ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። ጋሽ ሴኮንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወፍራሙ ድምፅ ከሥር፣ ከጓደኞቹ ቀድሞ ገባ። ይህን ድምፅ ሺህ ጊዜ ሰምተውት ሺህ ጊዜ አልፈውታል።

“ሩብ ሴኮንድ ትቀድማለች” አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ “እና ሦስት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ለአንቺ ነዋ!”

“ታዲያ ቆጨህ? እኔስ ማን አለኝ የሚያለቅስልኝ?”

ሳቁ። ሲበቃቸው ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ልጅቷም ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሲዲዎቹ ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ። ጋሽ ሴኮንድ ዛሬ አዲስ ነገር ሊያወርድ ለሚያማክራቸው ሁሉ፣ ድምፁን እኩል አድርግ፣ ፊትህን አዙር፣ ሌላ ሰው ይቀይርልህ ይላሉ፤ ሰው ከሌለህ መጀመሪያ እሱን ፈልግ ብለው ይጨምራሉ። ትርፉን ሲቆጥሩ፣ ያላቸውን ዕቃ ከመጣል ድነዋል፣ ጆሯቸውን ከነልኩ አውቀዋል፣ ሚስታቸውን ካለችበት አግኝተዋል። ብቸኝነቱ አልለቀቃቸውም፤ ምሽቱ ዛሬም ረጅም ነው። ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚያንኳኳ ሰው አለ።

የዚያን ዕለት እንግዳቸው በር ላይ ቆመው፣ “የሚቀጥለው እሑድም ዘጠኝ ሰዓት? አንድ ደቂቃ ባረፍድስ ትቆልፍብኛለህ?” ብለው ጠየቁ።

“እጠብቅሻለሁ” አሉ ጋሽ ሴኮንድ።

በሩን ዘግተው ሲመለሱ ትልቁን የግድግዳ ሰዓት አወረዱና ሞሉት።