አበባ የሚያርፍበት በረንዳ

እኔ ልሙት የሺመቤት፣ ዛሬ የምነግርሽ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ሙመድ ያጋንናል ይሉኛል፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አስቀድሜ በሕይወቴ የምምልልሽ። በዚህ ዕድሜዬ ከሕይወቴ ሌላ የምምልበት ምን ተረፈኝ?

ሻሂውን እዚያው አኑሪልኝ፣ ይቀዝቅዝ። ግን ዘንድሮ ብርዱን አየሽው? ትናንት ጠዋት ከዚራ ሰፈር ጓንት ያደረገ የባጃጅ ሾፌር አየሁ። ጓንት... ድሬዳዋ ውስጥ። ይቺ ጎረቤትሽ ሃዎ ደግሞ በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ ልብስ ስታሰጣ፣ ከሩቅ ፍራሽ በገዛ እግሩ የሚሄድ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። የደጋ ሰው ይሄን ብርድ ብለን ስናወራ ቢሰማን ይስቅብናል። ይሳቅ።

ለእኛ ብርድ ይሁን እንጂ ለአበቦቻችን፣ ለኦርኪዶቹ፣ ሠርጋቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሙቀት በአፈር ፈንታ በተተከሉበት ከሰል ላይ ተቀምጠው ሲራገሙን ይከርማሉ፤ ታኅሣሥ መጥቶ ሌሊቱ በረድ ሲል፣ ከቅጠላቸው ሥር እምቡጥ የሚሸከም ዘንግ ብቅ ያደርጋሉ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ታገሺ... ጥር ላይ አበባ። ይሄን ሁሉ አንቺ ታውቂዋለሽ። የማወራው አፌን ለማሟሟቅ ነው።

እስኪ ይቺን የባልሽን የጢሞቴዎስን ተክል ከነጣሳዋ ወደዚህ አዙሪያት። አይ፣ ተይ፣ አታዙሪያት። ዘንጉ የለመደው ብርሃን አለ፤ እምቡጡ ሳይፈነዳ ካዞርሽው አንገቱ ይጣመማል። ባለችበት ልያት። ዘጠኝ እምቡጥ። ትክክል ነኝ? በአዲሱ ዓይኔ ነው የቆጠርኩት። ዓይኔ ከተሠራ ወዲህ እዚህ ቁጭ ብዬ ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ያለውን የጭነት መኪና ታርጋ አነባለሁ።

ጢሞቴዎስ ከጅቡቲ ሲያመጣት ምሳ ዕቃው ውስጥ ደብቋት ነበር። ሠላሳ ዓመት ባቡር ጥገና አብረን ስንሠራ እዚያች ምሳ ዕቃ ውስጥ ከሽሮ ሌላ አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ሁለት ቅጠል ብቅ ብሎ አየሁ። 'ለየሺ ነው፣ አፍህን ዝጋ' አለኝ። ዘጋሁ። አንድ ሰዓት ያህል ዘጋሁ።

ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ... ሐዘን ላይ ነበረች ይቺ ተክል። ዘንድሮ ይኸው። አንቺ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ጅቡቲ ልትሳፈሪ። የልጅሽ ምጥ አበባ እስኪፈነዳ አይጠብቅ፣ ምን ታደርጊያለሽ? በሰላም ትገላገልልሽ። አንቺ ሦስት ወር እዚያ ትቆያለሽ፣ አበባሽ ከአሥር ቀን በኋላ እዚህ ትፈነዳለች።

ታዲያ ምን ያሳስብሻል? እሳቸው አሉ።

ስማቸውን መጥራት ምን ያስፈልጋል? ከዚራ ውስጥ ኦርኪድ ያልሽ እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ጣቱን ወደ እሳቸው በረንዳ ነው የሚቀስር። እኛን ድሬዎችን አንቱታ አያውቁም እያሉ ያሙናል። እውነት ነው፤ እኔ አባቴን አንተ እያልኩ ነው የቀበርኩት። እሳቸውን ግን አንቱ እላለሁ። አቦ ይገባቸዋላ... የሠሩትን ሥራ እኔ አንተ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ደግነታቸውን ተመልከቺ። ራሳቸው ናቸው አሉ የደወሉልሽ። 'አበባሽን እኔ ልጠብቅልሽ፣ ቤቴ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ በረንዳዬ ጥላ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ ራሴ በባጃጅ መጥቼ እወስዳታለሁ።' ሳትለምኛቸው። ዓምና እግርሽ ተሰብሮ ሁለት ወር ስትተኚ፣ ውሃ የሚያጠጣልሽ ሰው ስታጪ፣ አልደወሉም ነበር አይደል? አትቀየሚያቸው። ዓምና ዘንግ አልነበራትም። ሰው ምን ብሎ ይደውላል?

ባለሙያነታቸውስ? ራሕማን ጠይቂያት። መካ ለዑምራ ስትሄድ ሁለት ተክል እሳቸው ዘንድ አስቀመጠች፤ ሁለቱም ዘንግ አውጥተው ነበር። ስትመለስ ባዶ ቅጠል አስረከቧት። 'ዘንድሮ ደክሟቸው ነበር፣ አረፉ' አሏት። ፍራኦልስ፣ ያ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጅ? ለሥልጠና ሁለት ወር ሲሄድ አንዲት ሐምራዊ አስቀመጠ። የእሱም አረፈች። አየሽ፣ የሰው አበባ እሳቸው በር ላይ ሲደርስ አንድ ዓይነት ድካም ይይዘዋል። ከዚራ ድረስ በባጃጅ መምጣቱ ይሆን?

የእሳቸው ግን አያርፉም። ሐምሌ ላይ ሄደሽ ብታዪ በረንዳቸው ላይ ያለው አንድ ወንበርና አንድ የድመት ሳህን ነው። ጥር ላይ ሂጂ... ሠላሳ ማሰሮ አበባ። ክረምቱን የት ከረሙ? እኔ አልጠይቅም። ትልቅ ባለሙያ ምስጢር አለው። ሁሉም ተመሳሳይ ነጭ የሸክላ ማሰሮ ለብሰው ይደረደራሉ፤ በቆርቆሮ ይምጡ፣ በጣሳ ይምጡ፣ እሳቸው ያለብሷቸዋል። የደሃ ቤት ልጅ የሚያለብስ ሰው አይመሰገንም?

ከጥምቀት ማግስት ደግሞ በረንዳው ለእንግዳ ይከፈታል። ሐኪሙ ይመጣል፣ የመንግሥት ቢሮ ሰው ይመጣል፣ ስልኩን ቀስሮ የሚቀርጸው ይመጣል። እሳቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፉ ያስረዳሉ። ባለፈው አንዷን 'ይቺ አስቸገረችኝ' ሲሉ ሰማኋቸው። ምን ያህል አስቸግራቸው ይሆን... ሦስት ሳምንት ሙሉ አብረው ኖረዋል።

እኔማ ውለታቸው አለብኝ። ለዓይኔ ሕክምና አዳማ ልጄ ዘንድ ስሄድ ያቺን ነጯን እሳቸው ጋ አላስቀመጥኳትም? በወተት ዱቄት ጣሳ ያለችውን፣ የግመል ንክሻ ያለባትን። ታውቂያታለሽ። ከመልካ ጀብዱ በኩል የመጣች ግመል በአጥሬ ላይ አንገቷን አሳልፋ፣ አንዱን ቅጠል ግማሽ ጨረቃ አስመስላ ነክሳው ነበር። የአንገቷ ርዝመት ለጉድ ነው፤ ቅጠሌን ስታኝክ የኋላ እግሯ ገና መልካ ጀብዱ ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ቶሎ ለቀቀኝና ካሰብኩት ሳምንት ቀድሜ ገባሁ። ቀኑ የበረንዳው ቀን ሆነ። ሳልጠራ ሄድኩ፤ አዲስ ዓይን ይዞ ቤት መዋል ይቻላል? ገባሁ። መሐል ላይ አንዲት ሙሽራ ቆማለች። አሥራ አንድ አበባ፣ እያንዳንዱ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል። ሰው ሁሉ በእሷ ዙሪያ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው 'ይቺን የጣት ጥፍር ታህል ሳለች ጀምሬ ነው ያሳደግኋት' እያሉ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጎንበስ ብዬ ቅጠሏን አየሁ። ግማሽ ጨረቃዋ አለች።

እኔም አለቀስኩ። ዓይኔ ገና አልዳነም ነበር።

ምን ልበል? ሃምሳ ሰው ፊት ቅጠሏን ይዤ 'ግመሏ ትጠራልኝና ትመስክር' ልበል? ለእንግዳ የቀረበውን ሻሂ ጠጣሁ። ሁለት ጊዜ ጠጣሁ፤ ከራሴ ቤት እንደመጠጣት ቆጠርኩት። በሳምንቱ በራሷ ጣሳ መለሱልኝ። አበባ የለም፣ ዘንግ የለም። 'ሙመድ፣ ዘንድሮ ደክሟት ነበር፣ አረፈች' አሉኝ። አመሰገንኳቸው። በሩን ዘግቼ አሸተትኳት... ቀረፋ።

ዘንግ ሲቆረጥ ቁስሉ እንዳይበሰብስ የተፈጨ ቀረፋ መነስነስን ጢሞቴዎስ ነው ለሁላችንም ያስተማረን። ታዲያ ያላበበች ተክል ምን የሚቆረጥ ዘንግ አላት? ከወጥ ቤታቸው በንፋስ መጥቶ ይሆናል። ቀረፋ ይነፍሳል አይደል? እኔ መጥፎ አላስብም።

ደግሞ እኔ ዕድለኛ ነኝ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላም ቢሆን አበባዬን አይቻታለሁ። ራሕማ አላየችም። ፍራኦል አላየም። አንቺ ደግሞ... አንቺን እንኳ ማታለል አያስፈልጋቸውም። ከጅቡቲ ስትመለሺ ጣሳውን አቅፈው ሰጥተውሽ 'ደክሟት ነው የሺመቤት' ቢሉሽ ታምኛቸዋለሽ። ሦስት ዓመት ያረፈች አራተኛውን ብታርፍ ማን ይገረማል? ምናልባት አንድ ቀን ስልክ ላይ የበረንዳውን ፎቶ ታያለሽ። መሐል ላይ ነጭ ማሰሮ ለብሳ የቆመችውን አይተሽ 'እንዴት ታምራለች፣ የማን ትሆን?' ትያለሽ። ጢሞቴዎስ በምሳ ዕቃ ያመጣልሽ መሆኗን ሳታውቂ ታደንቂላቸዋለሽ። ለእሳቸው ከዚህ የሚበልጥ ምን ደስታ አለ?

ስለዚህ ለእሳቸው ስጫት። ሌላ ለማን ትሰጫለሽ? ለሃዎ? ተይ አታስቂኝ። ሃዎ ይቺ ተክል ኦርኪድ መሆኗን መች አውቃ። 'ያቺ ቀይ ሽንኩርትሽ እንዴት ናት' እያለች አይደል የምትጠይቅሽ? በረንዳ የላት፣ ሐኪም አትጋብዝ፣ ነጭ ማሰሮ የላት። ሃዎ የምታውቀው በአምስት ቀን አንዴ አጠጪ ከተባለች በአምስት ቀን አንዴ ማጠጣት፣ በየጠዋቱ ፎቶ አንስታ መላክ፣ የሰውን ዕቃ ለሰውየው መመለስ... ይሄው ነው። በዚህ ብቻ አበባ አደራ ይሰጣል?

ወዴት ተነሳሽ? ገና ወሬ አልጨረስኩም እኮ።

ጣሳውን ለምን ታነሺዋለሽ? ቆይ... ቀስ በይ፣ ዘንጉን በሩ እንዳይመታው። ጎንበስ። ሃዎ ቤት ስታስቀምጫት ይሄ ጎኗ ወደ መስኮቱ ይሁን፣ እንዳትረሺው። እኔ ምን አልኩ አሁን? ሰው ይታዘበኝ፣ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሳመሰግን ነው የቆየሁት።

...

መጣሽ? እጅሽ ባዶ ነው፤ ፊትሽ ግን... ጥሩ ነው፣ አልናገርም። ሃዎ ምን አለች? 'ሽንኩርቷን እንደ ልጄ' አለች? ትልሻለች። ስልኳ ቻርጅ አለው ወይ ብለሽ ጠይቀሻታል? ብልህ ሴት።

ይኸው ባጃጅ ቆመ። አሥር ሰዓት ከአንድ ደቂቃ፤ አደራ ሲቀበሉ ሰዓት አያዛንፉም። ካርቶን ይዘው እየወረዱ ነው። ውስጡን ጥጥ አንጥፈውበታል... ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው፣ ወላሂ።

የሺመቤት፣ በሩን ሳይደርሱ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። በሕይወቴ ምዬልሽ የለ? ሌላው ሁሉ እንዳልኩሽ ነው፤ ግመሏን ብቻ ፈጥሬያታለሁ። ቅጠሌን የነከሰችው የሃዎ ፍየል ናት። ቅድም ብነግርሽ አበባዋን ወደዚያ አትወስጃትም ብዬ ነው። አሁን ወስደሻታል፤ ማታ ፍየሏን እንድታስራት ንገሪያት።

ይግቡ፣ ይግቡ ጌታዬ። ስለ እርስዎ ነበር የምናወራው፣ በደግ ነው። ካርቶኑን እዚያ ጥግ ያድርጉት፤ አበባዋ ዘንድሮ ሌላ ሰው ዘንድ እንድትከርም ባለቤቷ ወስናለች። አይደንግጡ። ይሄን ያህል ደክመው መጥተው ባዶ እጅዎን ቢመለሱ እኔ ቅር ይለኛል፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ቢያንስ ልመርቅዎ። እጅዎን ይዘርጉ፣ እንዲህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በገዛ እጅዎ ተክለው፣ በገዛ እጅዎ አጠጥተው ያሳበቡትን ሁሉ፣ አንዲት እንኳ ሳያስቀር ሰብስቦ በዚህ ጥር በረንዳዎ ላይ ይደርድርልዎ። እንግዶችዎ መጥተው ያንን ብቻ አይተው ይመለሱ።

አሜን ይበሉ እንጂ።