አባባ የደረደሩት ድንጋይ

በእኛ ጊዜ ስል አትሳቁ፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ገና አላረጀሁም። ግን እኛ ዳላስ በገባን ጊዜ ስልክ መንገድ አይመራም ነበር፤ አቅጣጫውን ፕሪንት አድርገን፣ ወረቀቱን ጭናችን ላይ ዘርግተን ነበር የምንነዳው። ወሬም እንደዚያው ነበር፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ያምናል፣ ማን ያጣራል? ታዲያ ሰናይት፣ ይቺን የጉዞ ፎርም ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ላጫውትሽ። ነገ አዛውንቶቹን ሐይቅ ዳር ልንወስድ ነው፣ እናትሽም አሉበት፣ እና አንቺ «ሕመም» የሚለው ላይ «የለም» ብለሽ ጽፈሻል። እሺ። ብቻ ስሚኝ።

አባባን፣ አማቴን፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋሽ በረሃ የዱር አራዊት ጠባቂ ነበሩ። ልጃቸው፣ ማለቴ ባሌ፣ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ አምጥቶ አፓርታማ ውስጥ አስቀመጣቸው፣ እና ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆመው ፓርኪንጉን ያያሉ። አንድ ቀን ምን አሉኝ? «ልጄ፣ እዚህ አገር ወፉም ሥራ ገብቷል መሰለኝ፣ አንድም የለም።» ሆዴን በሉት። ታዲያ ኤርፖርት ከባሌ ጋር የሚሠራ ሰው፣ በስተ ምዕራብ ሸለቆ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የበረሃ ከተማ አለች፣ ሰው ወፍና አውሬ ሊያይ ነው የሚሄድባት አለው። ሐሙስ ማታ ከሥራ እንደወጣ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ አደረሰን።

መንገድ ላይ አባባ ደስ ብሏቸው ያወራሉ። «ጠባቂ ብቻውን ጫካ ሲገባ ሦስት ድንጋይ ይደረድራል፤ ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ። የላይኛው ሹል ጫፍ የሄደበትን ያሳያል» አሉኝ። እኔ እሺ እሺ እላለሁ እንጂ አልሰማኋቸውም።

ጠዋት ባሌ ሞቴል ውስጥ ተኛ፣ እኔና አባባ ልንወጣ ነው። የስኳር መርፌያቸውን የወጋኋቸው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ በእጄ።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ።»

«ዓርብ አይደለም እንዴ? እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ነገር አልቀምስም።»

«የስኳር ሰው አይጾምም እኮ።»

«አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው የነፍስ አባቴ የሆንሽው?»

ተሳሳቅንና ሙዝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከእንጨት የተሠራች ዳስ አለች፤ ተደብቀሽ በቀዳዳ ታያለሽ፣ ከፊት ለፊት ውኃ አለ፣ ወፎቹ ሊጠጡ ይመጣሉ። አናቷ ላይ ላባ የሰካች ድርጭት መጣች፣ ቀጥሎ ከርከሮ የሚመስል። አባባ ክንዴን ያዙና በሹክሹክታ «ከርከሮ! ከርከሮ እዚህም አለ!» አሉ፣ እንደ ልጅ። እና እኔ ሞቀኝ። «አባባ፣ መኪና ውስጥ ነኝ» ብዬ ወጣሁ፣ ኤሲ ከፈትኩ፣ ዴንተን ያለችው እህቴ ኮል አደረገች፣ ወሬ ተጀመረ። አርባ ደቂቃ ይሆናል። ስመለስ ዳሷ ባዶ ናት፣ ከርከሮውም የለም።

«አባባ! አባባ!» የሚመልስ የለም። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ ዳሷን በበጎ ፈቃድ የምትጠብቅ፣ መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ሮጣ መጣች።

«ስንት ዓመታቸው ነው? ሕመም አለባቸው? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ያኔ የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና አልወጣም። «ስኳር አለበት ካላችሁ ፋይሉ ይቆማል» ይባል ነበር። ማን አለ? እንጃ። ጠይቀን አናውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ሰው እንኳ ደብቀናል፣ እኔው ራሴ አባባን «ማንም ቢጠይቅዎ፣ ምንም የለብኝም ይበሉ» ብዬ አስጠንቻቸዋለሁ።

«ምንም የለባቸውም» አልኳት። «ብረት ናቸው፣ የበረሃ ጠባቂ ነበሩ።»

«ጥሩ። በረሃ የለመደ ጤነኛ ሰው ራሱ ይመለሳል። በቅድሚያ የመኪናውን መንገድ እንይ» አለች፣ እና በእሷ መኪና ቀስ እያልን ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግሞ ሄድን። ቦርሳው ጭኔ ላይ ነው። የሙዙ ሽታ ይመጣብኛል። አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ሰናይት! ኋላ ቀና ስል ከኮረብታው በላይ ጥንብ አንሶች ይዞራሉ።

«እነዚያ ምንድን ናቸው?»

«ሁልጊዜ አሉ፣ አትፍሪ።»

ክንዷን ያዝኩ። «ስኳር አለባቸው! መርፌ ወግቻቸዋለሁ፣ እህል አልቀመሱም!»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰዓቷን ብቻ አየች። ከዚያ ሬዲዮዋን አንስታ ተናገረች፣ መኪናውን አዙራ ወደ ዳሷ በረረች።

ከዳሷ ጀርባ ስሮጥ ድንጋይ አየሁ። ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ። የላይኛው ወደ ደረቁ ወንዝ ያሳያል። «በዚህ ነው!» አልኩ። ትንሽ ሄደን ደግሞ ሦስት። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ቀጥሎ ሁለት። ሁለት ብቻ፣ ያውም ጎን ለጎን፣ ወዴትም አያሳዩም።  ከዚያ አንድ። ከዚያ ድንጋይም የለም፣ አንድ እግር ጫማቸው ብቻ።

አንዲት እሾሃማ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ በላብ ተነክረው። እጃቸው ውስጥ ድንጋይ አለ፣ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸዋል።

«አባባ!»

አዩኝ። «ማን ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

ያቺን ድምፅ ዛሬም እሰማታለሁ። ሴትዮዋ ከኪሷ ማር አወጣች፣ ድዳቸውን ቀባች፣ ደግማ ቀባች፣ እና አምቡላንሱ ደረሰ። ግሉኮስ ሰክተውላቸው ዓይናቸው መለስ ሲል፣ የአምቡላንሱ ሰው መንቃታቸውን ሊያይ «ስኳር አለባቸው ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው» አለኝ። ጠየቅኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? መርፌው ክንዳቸው ላይ እንደተሰካ፣ በሰለለ ድምፅ፣ «ምንም የለብኝም በያቸው።»

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን የገዛ ውሸቴ ነበር በሳቸው አፍ የተመለሰልኝ።

ወረቀታቸውስ? ወጣ። ስለ ስኳሩ ለወረቀቱ የመረመራቸው ሐኪምም ያውቅ ነበር፣ ጽፎትም ነበር፣ ማንም ምንም አላለም። ታዲያ ጋርላንድ ስንመለስ ቤተ ክርስቲያን «ምራት ማለት እሷ ናት፣ በረሃ ገብታ ፈልጋ አወጣቻቸው» ተባለልኝ። «አሜን» አልኩ። ባሌም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የሚያውቀው፣ ስለ ውሸቴ አልነገርኩትም። እና ሰናይት፣ የኔ ልጅ፣ በሽታ አይደለም ሰው የሚገድለው፣ ሰው የሚገድለው «የለም» ነው። ነገ አባባም ይመጣሉ፤ ፎርማቸውን እዪው፣ በቀይ ነው የጻፍኩት።

«እስኪ ፎርሙን መልሺልኝ እትዬ። ልብ ነው። እናቴ ልብ አለባት፣ ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ነው የምትወስደው። ይኸው፣ ጻፍኩ።»

«ጎበዝ።»

«አሁን ግን የመናገር ተራው ያንቺ ነው እትዬ። ባልሽ ሊወስድሽ መጥቶ፣ ይኸው ውጪ ፓርክ አድርጎ እየጠበቀሽ ነው።»