የዘይነብ ጎረቤት ኢንሹራንስ

ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ሰዒድ ቤት ተቀምጠን ሳለ እህቱ ዘይነብ ከአሜሪካ ደወለች። የሰዒድ ስልክ ከከተማው ማዶ ክላፋም ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ ለምን አዳመጥክ አትበሉኝ። "ወንድም ጋሼ፣ አንዲት ጎረቤቴን ካንሰር ይዟታል። ስልሳ አምስት ሊሞላት ስለሆነ ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ ልትገባ ነው፤ ከሁለት ዓይነት አንዱን ምረጪ ብለዋታል። አንደኛው ወርኃዊ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን የምታክማት ሐኪም እዚያ ውስጥ የለችም። ሌላው በየወሩ ይከብዳል፣ ግን ሐኪሟን አያስለውጣትም፤ ለሕክምናው ከኪሷ የምታወጣውም ያንሳል። የቱን ያዢ ልበላት?"

እዚህ አገር ለሐኪም ሳልከፍል ያረጀሁት እኔ ቀደም ብዬ፣ "ርካሹን ትያዝ! ሐኪም ሁሉ አንድ ነው!" አልኩ። ሰዒድ በዓይኑ ብቻ አንስቶ ኪልበርን ሰፈር ድረስ ወረወረኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። የኛ ሰው ሩቅ ላለ ዘመዱ ሕመሙን አይናገርም፤ 'የጎረቤቴ ነው' ብሎ ለጎረቤት ያሸክመዋል።

"ዘይነብ፣" አለ ሰዒድ ቀስ ብሎ፣ "ሐኪሟን እንዳትለቅ በያት። የወሩን ክፍያ ወንድሟ ያግዛታል።"



"ጎረቤቴ እኮ ወንድሟን ማስጨነቅ አትወድም" አለች ዘይነብ።

"በቃ፣ ተጨንቋል በያት። ሐኪሟን ትያዝ።"