የወይዘሮ ሠርኬን ፒክ አፕ ያቃናው እጅ

ክብርት እትዬ አመተ ሥላሴ፣ የጋራዣችን ባለቤት፤ ክቡራትና ክቡራን እንግዶች፤ በዘይትና በግራሶ አብራችሁኝ ስትጨማለቁ የኖራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ስለ ድግሱ እግዜር ይስጥልኝ። ጠጁም ጥብሱም ደርሶኛል። ከሸማ ተራ ተመርጦ ስለመጣልኝ ጋቢም አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ስሠራ "አገኘሁ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል?" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ዛሬ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ ልሄድ ስል አለበሳችሁኝ። ይሁን፣ አልቀየምም።

እትዬ ቅድም ሲያወድሱኝ "ፒክ አፕ ከፍ በማድረግ መርካቶ ውስጥ የሚደርስበት የለም" አሉ። እናንተም አጨበጨባችሁ። የሙያ ባልደረባዬ ባህረዲንም አጨበጨበ። እሱ ባያጨበጭብ ኖሮ ጋቢዬን ይዤ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን አልቻልኩም።

መካኒክ ላልሆናችሁ እንግዶች ነገሩን ላስረዳ። አዲስ ፒክ አፕ ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው። ለከተማ መንገድ ይበቃል። የእኛ ነጋዴ ግን ጨውና በርበሬ ጭኖ በክረምት ጭቃ ገጠር ለገጠር ነው የሚዞረው። ሆዱ ድንጋይ ሲመታበት ወደ እኛ ይመጣና "ከፍ አድርጉልኝ" ይላል። እኔ ጭነቱን በሚሸከመው ባሌስትራና ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክሱል መካከል ድፍን ብረት አስገብቼ በረጅም ብሎን አስረው ነበር። ከፍስ ይላል፤ ግን ሲሄድ ይንገዳገዳል። ሾፌሩ ሲያማርር "ጭነትህን ቀንስ!" እለዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ እያልኩ ኖርኩ።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ባህረዲን ከምናለሽ ተራ መጣ። አሮጌ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው። በመጣ በሳምንቱ ከወደቀ ሎሪ ባሌስትራ ላይ አንዱን ብረት ፈታ፣ በእሳት አግሎ ጉብጠቱን አስተካከለ፣ ከፒክ አፑ ባሌስትራ ጋር ደረበው። መኪናዋ አራት ጣት ከፍ አለች። ሲነዷትም አልተንገዳገደችም።

ደስ ያለኝ ይመስላችኋል? ቅናት አንጀቴን በላው! ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ባህረዲን አለ?" ይለኛል። እኔ ምንድን ነኝ? ግንድ ነኝ? ባለቤቴ ፋናዬ፣ ያቻትና እየሳቀች፣ አንድ ቀን "በዚህ ቤት ከእኔ ስም ይልቅ የባህረዲን ስም ይጠራል፤ እኔም መቅናት ልጀምር?" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን ጠይቀኸው አትማርም?" ትሉ ይሆናል። በሃያ ዓመት የምበልጠውን ሰው እንዴት አድርገህ ሠራኸው ብዬ ልጠይቅ? ሞቼ እገኛለሁ!

አምና ሐምሌ፣ ዓርብ ቀን፣ የበርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሠርኬ ፒክ አፓቸውን አመጡ። ባህረዲን ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል።

"እኔ እሠራልዎታለሁ" አልኳቸው።

"እሱ እንደሚሠራው አድርገህ?"

"ከእሱም አስበልጬ!"

ግቢው ውስጥ ባህረዲን ሠርቶ የጨረሳት ሌላ ፒክ አፕ ቆማ ነበር። ከሥሯ ገባሁና ሥራውን በሲባጎ ለካሁ። ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነው። የሃያ አንድ ዓመት ሠራተኛ በገዛ ጋራዡ ሌባ ሆነላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ዓይነት ብረት አበጅቼ ስገጥም ባህረዲን ጎንበስ ብሎ አየኝ። "ጋሼ አገኘሁ፣ የብረቱ ረጅም ጫፍ እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ሥራህን ሥራ!" አልኩት። ሄደ።

ለካ፣ ኋላ እንደገባኝ፣ ብሎኑ የሚያልፍበት የብረቱ ቀዳዳ ልክ መሀሉ ላይ አይደለም፤ አንዱ ጫፍ በሁለት ጣት ይረዝማል። እኔ በቀኝ በኩል ረጅሙን ወደ ፊት፣ በግራ በኩል ወደ ኋላ አድርጌ አሰርኩት። አክሱሉ ተንጋደደ። የወይዘሮ ሠርኬ ሾፌር እስከ አማኑኤል ደርሶ ሲመለስ ጭቃው ላይ አራት የጎማ መስመር ተሰመረ። ደህና መኪና የኋላ ጎማው የፊቱን ስለሚከተል ሁለት ብቻ ነው የሚተወው። "መኪናዬን ምን አደረግሃት? ጎኗን ይዛ ትሄዳለች!" ብለው ወይዘሮ ሠርኬ ጮኹ። እኔም "መሪው ነው፤ ከምሳ በኋላ አየዋለሁ" ብዬ ወደ ቤቴ። ምኑ ጋ እንዳጠፋሁ አላወቅሁማ!

ከምሳ ስመለስ ሾፌሩ እንደገና ነዳት። ሁለት መስመር ብቻ። ወይዘሮ ሠርኬ በሰው ሁሉ ፊት "አገኘሁ፣ እጅህ ይባረክ!" አሉኝ። እኔም "አሜን" አልኩ። ባህረዲን ጥግ ላይ ቆሞ እጁን በናፍታ ይታጠባል። ምሳውን ሳይበላ ከመኪናዋ ሥር እንደነበረ ከልብሱ ጭቃ አወቅሁ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ቢስቅብኝ ኖሮ እንጣላና ይወጣልኝ ነበር። ግን ለእኔም ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲያ በጠባዩም ቀናሁ። በእጁ መቅናቱ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ባለፈው ሰኞ እትዬ ጠርተው "በቦታህ ማን ዋና መካኒክ ይሁን?" አሉኝ። "የሞተር ሠራተኛው አለሙ ይሁን፤ ባህረዲን ኃላፊነት እንደማይፈልግ ራሱ ነግሮኛል" አልኳቸው። አልነገረኝም። ዋሽቼ ነው። ከእኔ ቀጥሎ እትዬ ተነስተው የሚጠሩት ስም በዚህ ውሸት የተመረጠ ነው።

አለሙ፣ ወንድሜ፣ ለሞተር ከአንተ ወዲያ ሰው የለም። ሳላማክርህ በስምህ ለተንኮሌ ስለተጠቀምኩ ይቅር በለኝ። እየሳቅክ ነው? ተመስገን!

እትዬ፣ መሾም የእርስዎ ነው። ከመነሳትዎ በፊት ግን እባክዎን ባህረዲንን ራሱን ይጠይቁት።

ባህረዲን፣ አንተም ይቅር በለኝ። ቅናቴ ለቆኛል አልልህም፤ አንዱን ውሸት አንስቼ በሌላ አልተካም። አሁን እንኳ ስምህን ስጠራ ደረቴን ይጫነኛል። ቢሆንም ቦታው ላንተ ነው የሚገባው፤ ይህን ዓይኔ እያየ ስድስት ዓመት ካድኩ።

በሉ ልመርቃችሁ። ጃንሆይን ያቆይልን። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ከሥሩ የገባችሁበት መኪና አይውደቅባችሁ፣ ክሪኩ አይክዳችሁ። ከዚህ በር የወጣ ሾፌር ሁሉ በሰላም ቤቱ ይግባ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ከእናንተ የተሻለ እጅ ይኑራቸው፣ እናንተም አትቅኑባቸው።

ቤቴ ከጭድ ተራ በታች ነው፤ ሩቅ አይደለም። ለጥቂት ጊዜ ብቅ ባልል ግን አትቀየሙኝ። ባህረዲንን በእኔ ቦታ ቆሞ ለማየት ገና አልበረታሁም። የበረታሁ ዕለት እመጣለሁ።