ሦስት ወር፣ አንድ ጎል

ከሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሶሎሎ በሚሄደው ማታቱ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ልብስ ነጋዴው ሐጂና አንድ ግመል ነጋዴ፣ ትናንት በዲሽ ስላዩት ጨዋታ ይከራከራሉ።

"ያ ፈረንሳዊ አጥቂ እንግሊዝ ከገባ ሦስት ወሩ! ያገባው ግን አንድ ጎል! ይሽጡት!" አሉ ሐጂ።

"ፖሌ ፖሌ ሐጂ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ልጅ እኮ ነው። ከጎልቦ ቆላ የመጣ ግመል እንኳ የሞያሌን ውሃ እስኪለምድ ይከሳል።"

"ግመል እንደሱ በአውሮፕላን ይሄዳል?"

"ብርዱ አለ፣ ቋንቋው አለ..."

"ኳስ በቋንቋ ነው እንዴ የሚመታው? ሰነፍ ነው!"

"እሺ ይሁን። የእርስዎ ልጅስ ናይሮቢ ሥራ ያዘ?"

"ኧረ ገና ነው፤ አገሩን እየለመደ ነው።"

"ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?"

"አራት ዓመት።"

ለፈረንሳዊውም እንዲህ ያለ አባት እንዲሰጠው በሆዴ ዱዓ አደረግሁለት።