ቆሎ ምግብ ነው እንዴ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አስፐን ሂል በሚሄደው ባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና የእህታቸው ልጅ ተቀምጠዋል። ከጥርስ ሐኪም እየተመለሱ ነው።

«ጋሼ፣ ያው ጥርስ ሁለተኛ ጊዜ ተሞላ! ሰው ምን ይለናል?»

«የሰውየው ሥራ ነው የማይረባው።»

«መጀመሪያ ሲሞላልዎት ‹ጠንካራ ነገር ይበላሉ ወይ?› ብሎ ጠይቆዎት አልነበር? እኔው አይደለሁ ያስተረጎምኩት?»

«ምን አልኩ?»

«‹ሽሮና ገንፎ ብቻ› አሉ!»

«እውነቴን ነዋ። ምግቤ እሱ ነው።»

«ቆሎውስ?»

«ቆሎ ምግብ ነው እንዴ? ቆሎ እኮ ለጨዋታ ነው።»

«እሱን ለጥርስዎ ይንገሩት!»

«ያንን ሰማያዊ መብራት አብርቶ ‹አሁን ደርቋል› ብሎኛል።»

«ደረቀ አለ እንጂ ድንጋይ ሆነ አላለም! የሞላበት ፊሊንግ እንደ ፕላስቲክ ያለ ነገር ነው። በየቀኑ ገብስ ሲቆረጠምበት ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ ካላኘኩበት ምን ሊሠራልኝ ተሞላ?»

«ወይ አምላኬ! አሁን ደግሞ ከተሰነጠቀ ይነቀላል እንጂ አይሞላም ብሏል። ሰሙኝ?»

«ሰማሁ።»

«እኔም ሁልጊዜ ከሥራ ኦፍ አይሰጡኝም።»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ!»

«እሺ፣ ኪስዎ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ጋሼ!»

«ለሰው የያዝኩት ነው።»

ሳቄ ሲያመልጠኝ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩና ከኪሳቸው የቆሎ ፌስታል አውጥተው ዘረጉልኝ፦

«ይኸው ሰው! እንካ ልጄ፣ ዝገን።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩና፣ ባለፈው ሳምንት የተሞላውን መንጋጋዬን በምላሴ ዳሰስኩት።